ወደ ጁባ ሄዶ የማይመለሰው ቁጥር፦ የደቡብ ሱዳን የጤና መረጃ ፈተና

ወር ባለቀ ቁጥር በደቡብ ሱዳን መዲና ጁባ ዳርቻ ባሉ አነስተኛ የጤና ተቋማት አንድ ዓይነት ሥራ ይደገማል። የጤና ሠራተኛው ሕሙማን ሲመዘግብበት የከረመውን ሰፊ ደብተር ይዘረጋል። ከአምስት ዓመት በታች ሆነው ለወባ የታከሙትን ለብቻ፣ በተቅማጥ የመጡትን ለብቻ፣ የመጀመሪያ የእርግዝና ክትትል ያደረጉትን ለብቻ እያለ፣ በጭረት ላይ ጭረት እየጨመረ ይቆጥራል። ድምሩን በወርኃዊው ቅጽ ላይ አስፍሮ ወደ ካውንቲው የጤና ጽሕፈት ቤት ይልካል። እዚያም ኮምፒዩተር፣ መብራትና ኔትወርክ አንድ ላይ በተገኙበት ሰዓት ቁጥሩ ወደ አገር አቀፉ የመረጃ ቋት ይገባል።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ በአብዛኛው ወደ ላይ ብቻ ነው። ቁጥሩ ወደ ጤና ሚኒስቴር፣ ከሚኒስቴሩም ወደ ለጋሽ አገራትና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ይሻገራል። ወደ ቆጠረው ሰው ተመልሶ የሚመጣው ጥቂት ነው። “ባለፈው ወር የወባ ሕሙማን ቁጥር ስለጨመረ ተጨማሪ መድኃኒት ተልኮላችኋል” የሚል መልስ ማግኘት ለብዙዎቹ ተቋማት የዘወትር ልምድ አይደለም።

ደቡብ ሱዳን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እአአ) ሐምሌ 2011 ነፃነቷን ካወጀች ወዲህ የጤና መረጃ ቴክኖሎጂ ወደ አገሪቱ ሳይገባ የቀረበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። ሶፍትዌር መጥቷል፤ ታብሌትና ስማርት ስልክ ታድሏል፤ ሠራተኞች ሠልጥነዋል። ጥያቄው ታዲያ ቴክኖሎጂው አለ ወይስ የለም የሚል አይደለም። የሚሰበሰበው ቁጥር የሚሠራው ለማን ነው? ወጪውን የሚሸፍኑት ለጋሾች እጃቸውን ሲሰበስቡስ ማን ይቆጥራል? በ2025 የውጭ እርዳታ በከፍተኛ ሁኔታ ከተቀነሰ በኋላ እነዚህ ጥያቄዎች የባለሙያዎች ክርክር መሆናቸው አብቅቶ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሆነዋል።

ያልተቆጠሩት እናቶች

የችግሩን ጥልቀት ለመረዳት አንድ ቁጥር ብቻ መከተል ይበቃል፤ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት የሚሞቱ እናቶችን ቁጥር።

በ2006፣ ማለትም ከነፃነት በፊት፣ በተደረገ የቤተሰብ ጤና ጥናት በያኔዋ ደቡባዊ ሱዳን ከ100 ሺህ በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 2,054 እናቶች ይሞታሉ ተብሎ ተመዘገበ። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት በ2023 ባወጡት ሪፖርት ደግሞ ለ2020 የተሰጠው ግምት 1,223 ነበር፤ ይህም ከዓለም ከፍተኛው ነው። እነዚሁ ተቋማት ከሁለት ዓመት በኋላ ባወጡት ሪፖርት ለ2023 የሰጡት ግምት 692 ሆነ።

ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ያየ ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ የእናቶች ሞት በግማሽ ገደማ ቀነሰ ብሎ ሊደሰት ይችላል። ነገር ግን ሪፖርቶቹ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ግብዓትና የስሌት ሞዴል የተሠሩ በመሆናቸው አንዱን ከሌላው ቀንሶ እንዲህ ያለ መደምደሚያ ላይ መድረስ አይቻልም። ግምቱ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች እንደ ልብ የሚዋዥቀው መሬት ላይ የሚይዘው መልሕቅ ስለሌለ ነው። ቤቷ ውስጥ ወልዳ የምትሞት እናት ሞቷ የሚጻፍበት የሲቪል ምዝገባ በአብዛኛው አገሪቱ የለም። በሌሎች የአፍሪካ አገራት በየአምስት ዓመቱ ገደማ የሚካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በደቡብ ሱዳን አንድም ጊዜ ተካሂዶ አያውቅም።

ከዚህ ሥር ደግሞ ሌላ ክፍተት አለ። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ2008፣ አገሪቱ ገና የሱዳን አካል በነበረችበት ጊዜ ነው፤ ውጤቱም 8.26 ሚሊዮን ነበር። ከዚያ ወዲህ በታኅሣሥ 2013 የፈነዳው የእርስ በርስ ጦርነት ሚሊዮኖችን ከቀያቸው አፈናቅሏል። የብሔራዊ ስታቲስቲክስ ቢሮ በ2021 ባካሄደው የግምት ጥናት ሕዝቡን 12.4 ሚሊዮን ያደረሰው ሲሆን፣ የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ግምት ከዚህ ያነሰ ነው። በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ከተነሳ በኋላም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተመላሾችና ስደተኞች ድንበር ተሻግረው ገብተዋል።

ይህ ለክትባት ሥራ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ቀላል ሒሳብ ይበቃል። በአንድ ካውንቲ አንድ ሺህ ሕፃናት ተከተቡ ቢባል፣ ከስንት ውስጥ? የሚለው ካልታወቀ ሽፋኑ 50 ከመቶ ይሁን 90 ከመቶ መናገር አይቻልም። ላዕሉ ትክክል ሆኖ ታህቱ የተሳሳተ ክፍልፋይ ዞሮ ዞሮ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። የትኛውም ሶፍትዌር፣ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን፣ ያልተቆጠረን ሕዝብ ሊቆጥር አይችልም።

ከደብተር እስከ ጁባ

ደቡብ ሱዳን የምትጠቀምበት ዋናው የጤና መረጃ ሥርዓት ዲኤችአይኤስ-2 ይባላል። መነሻው ከአፓርታይድ ውድቀት በኋላ የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ናት። በዘር ተከፋፍሎ የኖረውን የጤና አገልግሎት ወደ አንድ ለማምጣት የወረዳ ባለሙያዎች የራሳቸውን ቁጥር ራሳቸው እንዲያዩ ታስቦ በ1990ዎቹ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ እያሳደገው፣ ዛሬ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ70 በላይ አገራት ይገለገሉበታል። ሶፍትዌሩ ያለክፍያ የሚገኝ ነው።

ጁባ ቀደም ሲል ትጠቀምበት የነበረው የሥርዓቱ አሮጌ ዝርያ በየካውንቲው ባለ አንድ ኮምፒዩተር ላይ የሚጫን ነበር። ፋይሉ በፍላሽ ወይም በኢሜይል ከካውንቲ ወደ ግዛት፣ ከግዛት ወደ ጁባ ይዘዋወራል። ኮምፒዩተሩ በቫይረስ ቢበላሽ ወይም በግጭት ቢዘረፍ የዓመታት መረጃ አብሮ ይጠፋል። በኢንተርኔት የሚሠራው አዲሱ ሥርዓት ይህን አደጋ ቀንሷል። ሚኒስቴሩ ውስጥ የተቀመጠ ባለሙያ የትኛው ጤና ተቋም ሪፖርቱን እንዳልላከ በዚያው ሰዓት ማየት ይችላል። ይህ ሊናቅ የማይገባው እርምጃ ነው።

ለውጡ የመጣው ግን በመሰላሉ ላይኛው ጫፍ ላይ ነው። ከታች፣ ሕመምተኛው ከጤና ሠራተኛው ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ሥራው ዛሬም የወረቀትና የእስክሪብቶ ነው። በደቡብ ሱዳን የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያገኘው ሕዝብ ከአሥር ሰው አንድ እንኳ አይሞላም። ዝናቡ ሲከብድ በርካታ አካባቢዎች ለወራት ከመኪና መንገድ ይቆራረጣሉ፤ የሞባይል ኔትወርክም ከከተሞች ሲርቁ ይሳሳል። በየካቲት 2024 ነዳጅ ወደ ውጭ የሚላክበት ዋናው ቧንቧ በሱዳን ጦርነት ሳቢያ ሲበላሽ፣ ከገቢው አብዛኛውን ከነዳጅ የሚያገኘው መንግሥት ለሲቪል ሠራተኞች ደመወዝ መክፈል ተስኖት ለረጅም ወራት ቆይቷል። ደመወዙ የተቋረጠበት ሠራተኛ ሕመምተኛ ካከመ ትልቅ ነገር ነው፤ ማታ ቁጭ ብሎ ቅጽ እንዲሞላ መጠበቅ ግን ብዙ መጠበቅ ነው።

ቅጹም አንድ አይደለም። ለወርኃዊው አጠቃላይ ሪፖርት አንድ ቅጽ አለ። ለወረርሽኝ ቅኝት ሳምንታዊ ሪፖርት አለ። ክትባት፣ የተመጣጠነ ምግብ እጥረት ሕክምና፣ ኤችአይቪ፣ ሳንባ ነቀርሳና የመድኃኒት ክምችት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መዝገብና፣ ብዙ ጊዜም የየራሳቸው ገንዘብ ሰጪ አላቸው። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” እንደሚባለው፣ ለጁባ ቢሮዎች ጌጥ የሆነው የቁጥር ክምር በገጠር ለአንድ ነርስ ሸክም ነው። የመድኃኒት ክምችቱና የሕሙማኑ ቁጥር በተለያየ መዝገብ ሲሄዱ ደግሞ ሁለቱን አገናኝቶ “እዚህ ቦታ መድኃኒት ሊያልቅ ነው” ብሎ አስቀድሞ የሚናገር አይገኝም።

የኮሌራው ፈተና

ቴክኖሎጂ በዚህች አገር ምንም አልፈየደም ማለት ግን ስህተት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአስቸኳይ ጊዜ ለሚደረግ የበሽታ ቅኝት ያዘጋጀው “ኢዋርስ” የተሰኘ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አለ። በአንድ ሣጥን ውስጥ 60 ሞባይል ስልኮች፣ ላፕቶፕ፣ አነስተኛ ሰርቨር እና በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ቻርጀር ተጠቃለው ይላካሉ። ዋጋው 15 ሺህ ዶላር ገደማ ሲሆን እስከ 50 የሚደርሱ ክሊኒኮችን፣ ማለትም ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሕዝብን ለመሸፈን ያስችላል። ደቡብ ሱዳን ይህ አሠራር ቀድሞ ከተሞከረባቸው አገራት አንዷ ናት።

የሥርዓቱ ብልሃት ኔትወርክ ሳይኖርም መሥራቱ ነው። ሠራተኛው ሪፖርቱን ስልኩ ላይ ይሞላል፤ ኔትወርክ ያለበት ቦታ ሲደርስ መረጃው ራሱ ይላካል። የተጠየቀውም ጥቂት ነገር ነው፤ ኮሌራን፣ ኩፍኝንና መሰል በፍጥነት የሚዛመቱ በሽታዎችን መቆጠር። በድንገት የጨመረ ቁጥር ሲገባ ጁባ ላለው የኅብረተሰብ ጤና የአስቸኳይ ጊዜ ማስተባበሪያ ማዕከል ምልክት ይደርሰዋል።

የደቡብ ሱዳን ጤና ሚኒስቴር በጥቅምት 2024 መገባደጃ በላይኛው ናይል ግዛት ሬንክ ላይ የኮሌራ ወረርሽኝ መከሰቱን አወጀ። ሬንክ ከሱዳን ጦርነት የሚሸሹ ሰዎች የሚገቡባት ዋና በር ናት። በሽታው ከዚያ በወንዝና በመንገድ ወደ ጁባና ወደ ሌሎች ግዛቶች ዘለቀ። በቀጣዩ ዓመት አጋማሽ ላይ የተመዘገቡት ሕሙማን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ የሟቾቹም ቁጥር ከሺህ አልፏል።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ድርብ ነው። ማስጠንቀቂያው በመጠኑም ቢሆን ሠርቷል፤ በሽታው ምን እንደሆነና የት እንዳለ ታውቋል። ከማወቅ በኋላ መምጣት የነበረበት ግን በበቂ ፍጥነትና መጠን አልመጣም። ኮሌራ የበረታበት ሰው ፈሳሽ ካልተተካለት በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ንጹሕ ውሃ፣ የሕይወት አድን ቅመም፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽና ክትባት በወቅቱ ያልደረሰበት ቀበሌ፣ ስልክ ላይ የተሞላው ሪፖርት በፍጥነት ጁባ በመድረሱ የሚያተርፈው ነገር የለም። መረጃ በራሱ አያድንም፤ የሚያድነው መረጃው የሚቀሰቅሰው እርምጃ ነው።

ገንዘቡ ሲነጥፍ

የደቡብ ሱዳን መሠረታዊ የጤና አገልግሎት ከመጀመሪያውም በውጭ ገንዘብ ላይ የቆመ ነው። ብሪታኒያ፣ የአውሮፓ ኅብረት፣ አሜሪካ፣ ካናዳና ሌሎችም ያዋጡበት የጋራ የጤና ፈንድ ከ2012 እስከ 2024 ድረስ በአብዛኞቹ ግዛቶች የጤና ተቋማትን ሲደግፍ ቆይቷል። በጆንግሌና በላይኛው ናይል ተመሳሳይ ሥራ በዓለም ባንክ ገንዘብ ይካሄድ ነበር። በ2024 ሁለቱን አጣምሮ አገሪቱን በሙሉ ይሸፍናል የተባለ የጤና ዘርፍ ሽግግር ፕሮጀክት፣ በዩኒሴፍና በዓለም ጤና ድርጅት አማካይነት ሥራ ጀመረ።

እንዲህ ባለው አሠራር የሪፖርት ትርጉሙ ራሱ ይለወጣል። የጤና ተቋሙን የሚያንቀሳቅሰው መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ሪፖርቱን የሚልከው በውሉ ውስጥ ግዴታ ስለሆነ ነው። ቁጥሩ ለለጋሹ የሥራ ማስረጃ፣ ለድርጅቱም የቀጣዩ ክፍያ መነሻ ይሆናል። በዚህ መንገድ የሚሰበሰበው መረጃ ብዙም ሆነ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ውሉ ሲያልቅ ግን መረጃ ሰብሳቢው፣ የተሽከርካሪው ነዳጅና የኢንተርኔት ክፍያው አብረው ያልቃሉ።

በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም የታየው ይኸው ነበር። የኤችአይቪ መርሐ ግብሩ የሚመራበት የመረጃ ቋት አገልግሎት አቋረጠ። ለረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው “ፌውስ ኔት” ድረ ገጹ ለወራት ተዘጋ። በየአገሩ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የሚያካሂደው ፕሮግራምም ተቋረጠ። እነዚህ ሁሉ ዋሽንግተን በወሰደችው አንድ ውሳኔ የጨለሙ መስኮቶች ናቸው።

በአኮቦ የሆነው ደግሞ ነገሩ ምን ያህል እንደሚያም ያሳያል። ሴቭ ዘ ችልድረን በሚያዝያ 2025 እንዳስታወቀው፣ በጆንግሌ ግዛት አኮቦ ካውንቲ እርዳታው በመቋረጡ ክሊኒኮች ከተዘጉ በኋላ፣ ኮሌራ የያዛቸው ቢያንስ ስምንት ሰዎች በሙቀት ለሰዓታት በእግር ወደ ሕክምና ሲጓዙ መንገድ ላይ ሞተዋል። ከእነሱ አምስቱ ሕፃናት ናቸው።

ስለ እነዚህ ሰዎች የታወቀው አንድ ድርጅት አጣርቶ ስለተናገረ ነው። የተዘጋ ክሊኒክ ሕመምተኛ አይመዘግብም። መንገድ ላይ የሞተ ሰው ደብተር ላይ አይጻፍም። በመረጃ ቋቱ ውስጥ “አንድም ሕመምተኛ አልነበረም” እና “የሚቆጥር ሰው አልነበረም” የሚሉት ሁለት ነገሮች ካልተጠነቀቁ አንድ ሆነው ይታያሉ። አገልግሎቱ በከፋበት ቦታ ካርታው ይበልጥ ንጹሕ መስሎ የሚታይበት አደጋ ከዚህ ይመነጫል። ገንዘብ የሚቀንስ ወገንም ቅነሳው ያስከተለውን ጉዳት የሚያሳየውን መሣሪያ አብሮ ስለሚያጠፋ፣ በኋላ ተጠያቂ የሚያደርገው ቁጥር አይገኝም።

የኢትዮጵያ ተሞክሮ

ከአኮቦ ድንበሩን ተሻግሮ ያለችው ጋምቤላ ናት። ኢትዮጵያ ከ400 ሺህ በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን ያስጠለለች ሲሆን አብዛኞቹ የሚኖሩት በዚሁ ክልል ነው። በ2025 መጀመሪያ የጋምቤላ ወረዳዎችም በኮሌራ ተመትተዋል። ሰውና በሽታ ድንበሩን በታንኳና በእግር ሲሻገሩ፣ መረጃው ግን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው የሚደርሰው በየዋና ከተማው በኩል ዞሮ ነው። አዲስ አበባና ጁባ የሚጠቀሙት አንድ ዓይነት ሶፍትዌር ሆኖ ሳለ፣ በወንዙ ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት ክሊኒኮች አንዱ ያየውን ሌላው በዚያው ዕለት የሚያውቅበት መደበኛ መንገድ ደካማ ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ ዘርፍ የተጓዘችው መንገድ ለጁባ ሁለት ነገር ያስተምራል። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መረጃን ከድምር ቁጥር ወደ ቤተሰብ ያወረደ ነበር። “የቤተሰብ ማኅደር” በሚባለው አሠራር እያንዳንዱ ቤተሰብ በጤና ኬላው የራሱ ፋይል አለው። ቀጠሮ ያላቸው ሰዎች ካርድ በየወሩ በተከፋፈለ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወሩ ሲገባ ሣጥኑን ከፍታ የማን ልጅ ክትባት እንደቀረው ታያለች፤ ወደዚያ ቤት ትሄዳለች። ይህ አሠራር ኤሌክትሪክ አይጠይቅም። ቁጥሩ መጀመሪያ የሚያገለግለው የጻፈችውን ሠራተኛ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ማስጠንቀቂያ ነው። ኢትዮጵያ ይህን ወደ ታብሌት ለማሸጋገር የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ዘርግታለች፤ ይኸውም የጤናውን ዘርፍ የማሻሻያ አጀንዳ የሆነው “የመረጃ አብዮት” አካል ነው። በብዙ ቦታ ያጋጠመው እንቅፋት የታወቀ ነው። ታብሌቱ ሲበላሽ የሚጠግን ይጠፋል፤ ቻርጅ የሚደረግበት ቦታ አይገኝም። ወረቀቱ ሳይቀር ታብሌቱ ሲጨመርም ሠራተኛዋ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ትጽፋለች። ዲጂታል ማድረግ ሸክም የሚያቀለው ከነባሩ ሥራ ላይ የሚነሳ ነገር ሲኖር ብቻ ነው።

ደቡብ ሱዳንም ተመሳሳይ መሠረት አላት። በ2017 ሥራ የጀመረው የቦማ ጤና ተነሳሽነት፣ “ቦማ” በሚባለው የመጨረሻው የአስተዳደር እርከን የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞችን አሰማርቶ ወባን፣ የሳንባ ምችንና ተቅማጥን በየመንደሩ እንዲያክሙ ያደርጋል። ከጎልማሶች ማንበብና መጻፍ የሚችሉት ከሦስት አንድ ገደማ በሆኑበት አገር ለእነዚህ ሠራተኞች የሚሰጠው ቅጽ፣ ወረቀትም ይሁን ስልክ፣ በሥዕል የሚነገር ቀላል ነገር መሆን ይኖርበታል።

አገሪቱ በሐምሌ 2024 የወባ ክትባት መስጠት መጀመሯ የግለሰብ ክትትልን አስፈላጊነት ጎላ አድርጎታል። ክትባቱ አራት ጊዜ የሚሰጥ ሲሆን የመጨረሻው ከሦስተኛው ወራት ዘግይቶ ይመጣል። ድምር ቁጥር ስንት ሕፃናት አራተኛውን ዙር እንዳልወሰዱ ይናገራል፤ የቀረው የማን ልጅ እንደሆነ ግን አይናገርም። እናቲቱን ፈልጎ ለማግኘት ስም ያለው መዝገብ ያስፈልጋል።

ያለ ኮምፒዩተር የተሳካ ቆጠራ

በደቡብ ሱዳን መቁጠር አይቻልም ለሚል ሰው ጠንካራው መልስ የጊኒ ዎርም ታሪክ ነው። በቆሸሸ ውሃ የሚተላለፈውና ከዓመት ገደማ በኋላ እንደ ክር ቀጭን ትል ሆኖ ከቆዳ የሚወጣው ይህ በሽታ፣ በ2006 በደቡባዊ ሱዳን 20,581 ሰዎችን ይዞ ነበር። በ2023 በደቡብ ሱዳን የተመዘገቡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ይህ ውጤት የተገኘው በጦርነትና በመፈናቀል መካከል፣ መንገድም መብራትም በሌለበት ነው። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በ1995 ለዚሁ ሥራ ሲባል ለወራት የቆየ የተኩስ አቁም አደራድረው ነበር። ዋናው መሣሪያ ግን የመንደር በጎ ፈቃደኞች መረብ ነው። በጎ ፈቃደኛው ትል የወጣበትን ሰው ካገኘ ያስታውቃል፤ ቁስሉ ይታሸጋል፤ ሰውየው ወደ ኩሬ እንዳይገባ ይደረጋል፤ ለመንደሩ የውሃ ማጣሪያ ጨርቅ ይታደላል፤ ውሃው በኬሚካል ይታከማል። ለጥቆማም ሽልማት ይከፈላል።

በዚህ ሥራ እያንዳንዷ የተመዘገበች ቁጥር መንደሩ በዓይኑ የሚያየውን ነገር አስከትላለች። ሰው የሚቆጥረው ጁባ ስላዘዘ ሳይሆን ሲቆጥር ነገር ስለሚለወጥ ነው። በሽታው በጋምቤላም ጨርሶ ያልጠፋ በመሆኑ፣ ይህ አሠራር ሁለቱን ጎረቤት አገራት እስከ ዛሬ አብሮ ያሠራል።

በእርግጥ ንጽጽሩ ወሰን አለው። ጊኒ ዎርም አንድ በሽታ ነው፤ ሲወጣም በዓይን ይታያል፤ ለዓመታት ያልተቋረጠ የውጭ ገንዘብና አመራር ነበረው። መሠረታዊ የጤና አገልግሎት ግን ከወሊድ እስከ ሳንባ ነቀርሳ ብዙ ነገር ይዟል። ቢሆንም መርሑ ይሠራል፤ ጥቂት መቁጠር፣ የተቆጠረውን በእርምጃ መመለስ።

ጁባ ፊት ያለው ምርጫ

መድኃኒት በሌለበት ስለ መረጃ ቴክኖሎጂ ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ክርክር አለ። በአንድ በኩል እውነት አለው፤ ባዶ የመድኃኒት መደርደሪያ አጠገብ የተቀመጠ አዲስ ታብሌት ስድብ ይመስላል። በሌላ በኩል ግን ገንዘብ ሲያንስ መረጃ ይበልጥ ያስፈልጋል። ያለችው ጥቂት መድኃኒት ወደ የትኛው ካውንቲ ትሂድ? ከሚዘጉት ተቋማት የትኛው ቢዘጋ ብዙ ሰው ይጎዳል? ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ የሚሰጠው ቁጥር ነው። ቁጥር ከሌለ የሚወስነው ጩኸት፣ ዝምድና ወይም ለጁባ መቅረብ ይሆናል።

እንግዲህ ማሻሻያው አዲስ ሶፍትዌር ከመግዛት የሚጀምር አይመስልም። የመጀመሪያው ሥራ መቀነስ ነው፤ በየፕሮግራሙ የተበተኑትን ቅጾች ማዋሐድና ለውሳኔ የማይውለውን ጥያቄ ማውጣት። ሁለተኛው የሕሙማንን ቁጥርና የመድኃኒት ክምችትን በአንድ ገጽ ላይ ማገናኘት፣ ሪፖርት ለላከ ተቋምም ግብረ መልስን ግዴታ ማድረግ ነው። ሦስተኛው የትኛውም መሣሪያ ያለ ኔትወርክ እንዲሠራ፣ ሲበላሽም በአገር ውስጥ እንዲጠገን ማድረግ ነው። አራተኛው ከጋምቤላና ከሌሎች የድንበር ወረዳዎች ጋር በቀጥታ መረጃ መለዋወጥ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን የባለቤትነት ጥያቄ አለ። የአፍሪካ መሪዎች በ2001 አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 ከመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተው ነበር፤ ደቡብ ሱዳን ለጤና የምትመድበው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። የካውንቲ መረጃ ባለሙያን ደመወዝ መክፈል ሆስፒታል እንደመገንባት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሪባን የሚቆረጥበት ምረቃም የለውም። የሚያስገኘው ጥቅም ግን የለጋሽ ውል ሲያልቅ የማይጠፋ ዓይን ነው። የገዛ እናቶቿ ስንት እንደሚሞቱ ከጄኔቫ ግምት የምትጠብቅ አገር፣ ግምቱ ሲጨምርም ሆነ ሲቀንስ ምን ሠርታ ወይም ምን አጥፍታ እንደሆነ ማወቅ አትችልም።

በቀጣዩ ወር መጨረሻም በጁባ ዳርቻና ከዚያ በራቁት መንደሮች ደብተሮቹ ይዘረጋሉ፤ ሥራው የቀጠለባቸው ክሊኒኮች ውስጥ ጭረቶቹ ይቆጠራሉ። የጤና መረጃ ሥርዓቱ ተሻሻለ ሊባል የሚችለው ያ ቅጽ ጁባ ለመድረስ በፈጀበት ፍጥነት ሳይሆን፣ ቅጹን የላከው የጤና ሠራተኛ በምላሹ በሚያገኘው ነገር ሲለካ ነው።